ስኂን፣ መነን፣ ፀሐይ፦ የሴት አካል በታሪካችን የት ተመዘገበ?

ደሴ ያደገ ሰው «ስኂን» የሚለውን ስም ከታሪክ መጽሐፍ ቀድሞ የሚያውቀው ከትምህርት ቤት በር ላይ ነው። «ስኂን ነው የተማርኩት» ሲል ግቢውን ማለቱ ነው። ወይዘሮ ስኂን ማን ናቸው ብላችሁ ብትጠይቁት፣ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የጃንጥራር አስፋው ባለቤት፣ የእቴጌ መነን እናት ይላችኋል። አልተሳሳተም። የነገራችሁ ግን የአባታቸውን፣ የባላቸውንና የልጃቸውን ነው።

የዘር ሐረጉን ትንሽ ወረድ ብለን እንየው። እቴጌ መነን የተወለዱት በ1883 ዓ.ም ነው። ሐምሌ 1903 ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ጋር ሲጋቡ ገና የሃያ ዓመት ሰው ነበሩ፤ እስከዚያ ድረስ ግን በቤተሰብ ምርጫ ሦስት ጊዜ ተድረው አራት ልጆች ወልደዋል። ከዚያ በኋላ ስድስት ወለዱ። ከስድስቱ አንዷ ልዕልት ፀሐይ ናቸው፤ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምረው፣ አገር ነጻ ሲወጣ ተመልሰው፣ ነሐሴ 1934 ዓ.ም ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም።

ይህን የዘር ሐረግ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የምናነበው ግን ማን የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ማን ለዙፋን እንደቀረበ ለመለየት ነው። እስቲ አንድ ጊዜ እንደ ጤና መዝገብ አንብቡት። አንዲት ልጅ ሰውነቷ ሳይጠና ትዳራለች፤ በሃያ ዓመቷ የአራት ልጆች እናት ናት፤ በጠቅላላው አሥር ወልዳለች። ልጇ ደግሞ በዘመኑ ለኢትዮጵያዊት ብርቅ የነበረውን የነርስነት ትምህርት ተምራ፣ በአገሪቱ ትልቁ ቤት ተወልዳ፣ በምጥ ትሞታለች። በቤተ መንግሥት እንዲህ ከሆነ በወረባቦ፣ በደላንታ፣ በአምባሰል ገደል ሥር የነበረችው ሴትስ? የእሷን ዕጣ የሚነግረን የዘር ሐረግ የለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ «ማስረጃ የለም» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ አባባል አልስማማም። ማስረጃው አለ፤ ያልታየው ታሪክ ጸሐፊው በማይፈልግበት ቦታ ስለተቀመጠ ነው። ወሎ ደግሞ እንዲህ ባለው ማስረጃ ሀብታም ናት።

መጀመሪያ ግን አንድ ቅር የሚለኝን ነገር ላንሳ። የወሎን ሴት ያህል አካሏ የተዘፈነለት የለም። ዐይኗ፣ አንገቷ፣ ጠጉሯ፣ ወገቧ፣ አረማመዷ በባቲም በአምባሰልም ቅኝት ተቆጥሮ አልቋል። ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ ባለው መንገድ ስንት ዘፈን ተዘፍኗል! ያው ወገብ እንጨት ተሸክሞ የጦሳን ተራራ ሲወርድ ምን እንደሚሆን፣ ከስንተኛው ልጅ በኋላ ማሕፀኑ እንደወረደ፣ ሴትየዋ ስንት ዓመት ደብቃው እንደኖረች የሚል ግጥም ግን አልሰማሁም። ይህን የምለው ዘፋኙን ለመውቀስ አይደለም። ታሪክ ጸሐፊውም ከዘፋኙ ብዙ አልራቀም፤ እሱም የሴትን አካል የሚያየው አንድ ነገር ሲያበረክትለት ብቻ ነው፤ ለዘፋኙ ውበት፣ ለታሪክ ጸሐፊው ወራሽ።

ወይዘሮ ወርቂትን እናስታውስ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወሎን በልጃቸው ስም ይገዙ ነበር፤ ተቀናቃኛቸውም ሌላዋ ሴት፣ ወይዘሮ መስታወት ነበሩ። በ1857 ዓ.ም ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጥ አስጠግተው ያሳለፉት ወርቂት ናቸው። የራሳቸው ልጅ መቅደላ ላይ በቴዎድሮስ እጅ ነበር፤ ዐፄውም በንዴት አስገደሉት። ሁለት ሴቶች አገር ሲመሩ ታሪካችን ያስተዋላቸው የወንድ ልጅ እናት በመሆናቸው ነው። መካን ሆና የቀረች፣ ሴት ልጅ ብቻ የወለደች፣ ልጆቿ በሕፃንነት ያለቁባት ወይዘሮ ከዜና መዋዕሉ ተሰርዛለች። ማሕፀን የሥልጣን መሰላል በነበረበት አገር የማሕፀን ጤና የፖለቲካ ታሪክ ነው። ይህን ያህል ቀጥተኛ ነገር እስካሁን በቅጡ አለመጠናቱ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ክታቡ ልምጣ።

በሰሜኑ ክርስቲያን አገር ደብተራ የሚጽፈው የብራና ጥቅል ሁላችንም የምናውቀው ነው። ብራናው እየተሰፋ በታማሚው ቁመት ልክ እንዲሆን ይደረጋል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ነው ይባላል። አንድ ሰው የሴት ቁመት ለክቶ በብራና አስቀምጦልናል ማለት ነው! ከዚያም በላይ አለ። ጸሎቱ የባለቤቱን የክርስትና ስም ይጠራል፤ ለወንድ «ለገብርከ»፣ ለሴት «ለአመትከ» ይላል። ስለዚህ ጥቅሉ ማንን ሊጠብቅ እንደተጻፈ ከግዕዙ ሰዋስው ብቻ ይለያል። ከእነዚህ ጥቅሎች ብዙዎቹ የሴቶች ናቸው። የሚጠቅሱት ሕመምም ግልጽ ነው፤ የደም መፍሰስ፣ ውርጃ፣ የልጅ መሞት። ብዙዎቹ ላይ የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ አለ፤ በፈረስ ተቀምጦ ሕፃናት የምትገድለውን ውርዝልያን በጦር ሲወጋ ይታያል። አንዳንዱ ጥቅል ላይ የመጀመሪያዋ ባለቤት ስም ተፍቆ በላዩ የሌላ ሴት ስም ተጽፏል። እናት ለልጇ ወይም ጎረቤት ለጎረቤት አሳልፋው ይሆናል፤ ወይም ተሽጦ ይሆናል። ያ የተፋቀ ቦታ ለእኔ ከብዙ የንጉሥ ደብዳቤ ይበልጣል።

ጥቅሎቹ ዛሬ በብዛት በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። እዚያ የሚጠኑት በአብዛኛው ለሥዕላቸውና ለጠልሰማቸው ነው። እዚህ ደግሞ «ድግምት ነው» ተብለው ይናቃሉ። ሁለቱም ወገን ጥቅሉን ያስጻፈችውን ሴት ያልፋታል። ፈርታለች፤ ደምታለች፤ ልጅ ቀብራለች፤ ገንዘብ ወይም እህል ከፍላ ቁመቷን አስለክታለች። ይህ የታማሚ ካርድ ነው።

ሆኖም ካርዱን በዛሬ ዐይን ለማንበብ መቸኮልም ያሳስታል። ሾተላይን ውሰዱ። ዛሬ ደሴ ሆስፒታል ለእርግዝና ክትትል የሄደች ሴት «ሾተላይ አለብሽ» ብትባል፣ የእሷ ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ መርፌ መውሰድ አለባት ማለት ነው። የጥንቷ ሾተላይ ግን ልጅ የምትበላ መንፈስ ነበረች፤ በተከታታይ ልጅ የሚሞትባት ሴት ሁሉ «ሾተላይ መታት» ትባል ነበር። ስሙ ከመንፈስ ወደ ላቦራቶሪ መሻገሩ ያምራል፤ ግን ጥንት በሾተላይ ሞቱ የተባሉትን ሕፃናት ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሶ «የደም ዓይነት አለመጣጣም ነበር» ማለት ስሕተት ነው። እትብት ባልጸዳ ምላጭ ሲቆረጥ መንጋጋ ቆልፍ ይገድላል፤ ያልታከመ ቂጥኝ ፅንስን ደጋግሞ ያስወርዳል፤ ረሃብ አለ፤ ወባ አለ። «ሾተላይ» እነዚህን ሁሉ ሳይለይ የያዘ ቃል ነበር። የታሪክ ሥራ ቃሉ በዘመኑ ለሴትየዋ ምን እንደነበረ መጠየቅ ነው። ባሏ በዚህ ምክንያት ፈትቷት ይሆን? ከሠርግና ከአራስ ቤት ተከልክላ ይሆን? ምርመራውን ለሐኪም እንተወው፤ ይህኛው ጥያቄ ግን የእኛ ነው።

ቃላትን ካነሳን፣ የአማርኛ የወሊድ ቃላት ራሳቸው ቤተ መዛግብት ናቸው። የወለደችን ሴት «ተገላገለች» እንላለን፤ ያው የተጣሉ ሰዎችን ለመለያየት የምንለው ግስ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን፤ መማር ያለበት ሞት የተፈረደበት ነው። በወሎ እስላም ቤት ዱበርቲዎች (ለዱዓ የሚሰበሰቡ ሴቶች) ቡና አፍልተው፣ አጫጭሰው፣ ምጥ ለያዛት ሴት ዱዓ ያደርጋሉ፤ ክርስቲያኗ ጎረቤት አብራ ተቀምጣ ማርያምን ትጠራለች። ከልደቱም በኋላ አካሉ ይቆጠራል። በቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ እናትየዋም ቤተ ክርስቲያን የምትገባው ያን ጊዜ ነው። እልልታው ለወንድ ይበዛል፣ ለሴት ያንሳል። ልጁ ገና ዐይኑን ሳይገልጥ የጾታው ዋጋ መንደሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተነግሯል። እንዲህ ያለውን ነገር ጽሑፍ ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ተመራማሪ ምንም አያገኝም።

አያቴ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የልምድ አዋላጅ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። ያዋለደቻቸውን ግን በዓመት በዓመት ትለያቸው ነበር፤ ንጉሡ የወረዱ ዓመት የተወለደው፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ላይ የተወለደችው፣ ደርግ የወደቀ ሰሞን ጭለማ ውስጥ ያዋለደችው። የሞቱባትንም ታውቃቸዋለች፤ እነሱን ስትቆጥር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። በኋላ መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን በ1995 ዓ.ም ጀመረ፤ አዋላጆቹም እናቶችን ወደ ጤና ተቋም እንዲልኩ እንጂ ቤት እንዳያዋልዱ ተነገራቸው። ትክክል ነበር፤ ሕይወት አድኗል። ግን እጃቸው ሥራ ሲያቆም የሚያውቁትን የጻፈላቸው አልነበረም። አያቴ ከሞተች ቆየ። እኔም በጊዜው ቁጭ ብዬ አልጻፍኩም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለ ረሃቡ ሲጻፍ ደግሞ ሴቷ ሳትጠራ ትታያለች። የ1965 እና የ1966ቱ የወሎ ረሃብ በዓለም ዐይን ፊት የቆመው በእናትና ልጅ ምስል ነው፤ የደረቀ ጡት፣ የሚጠባ ሕፃን፣ ከደሴ መንገድ ዳር። ስሟ የለም። ምስሉ እርዳታ አምጥቷል፤ አልክድም። ነገር ግን ስለ ረሃብ ያለን የታሪክ አጻጻፍ ሟችን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ረሃብ በሴት አካል ላይ ሌላም ሥራ ይሠራል። ክብደት ሲወርድ የወር አበባ ይቆማል፤ ፅንስ አይያዝም፤ የተያዘውም ይወርዳል፤ በቀጣዩ ዓመት የሚወለደው ሕፃን ቁጥር ያሽቆለቁላል። በብዙ አገሮች በተጠኑ ረሃቦች ሴት ከወንድ ይልቅ የመትረፍ ዕድል እንዳላትም ታይቷል። የተረፈችው ምን ይዛ ተረፈች? ወር አበባዋ ሲቆም መካን የሆነች መስሏት ይሆን? ባሏ ሞቶ፣ ልጆቿን ይዛ ወደ ከተማ ገብታ ምን ሠርታ በላች? ከደሴ እስከ አዲስ አበባ በየመንገዱ በተዘረጉት ቡና ቤቶች የገቡት የወሎ ልጆች ታሪክ የረሃቡ ታሪክ ክፍል ነው፤ እኛ ግን የረሃብን ነገር ለግብርና፣ የሴተኛ አዳሪነትን ነገር ለሐሜት ትተነዋል።

ከረሃቡ በፊት ኢጣሊያ ነበር። ሚያዝያ 1928 ደሴ ገባ፤ በዓመቱ፣ ሚያዝያ 1929፣ ኢጣሊያዊ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ ወጣ። ከዝሙት አዳሪ ጋር መተኛትን ሕጉ አልነካም። የአገሬው ሴት ሚስት ከምትሆን አልጋ ብትሆን ይሻላል ማለት ነበር። ስለ አምስቱ ዓመት ስንጽፍ ስለ አርበኛው እንጽፋለን፤ ይህ ሕግ የወደቀባት ሴትና የወለደችው ክልስ ልጅ ግን አሁንም በሹክሹክታ ነው የሚነሱት።

ወደ ዛሬ እንምጣ። የእናቶች ሞት በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 871 ነበር፤ በ2008ቱ 412 ሆነ። በጤና ተቋም የሚወልዱት በዚያው ጊዜ ከ5 በመቶ ወደ 26 በመቶ ከፍ ብለዋል። እነዚህን ቁጥሮች በስብሰባ ሁሉ እንሰማቸዋለን። እንዴት እንደተገኙ ግን የሚነግረን የለም፤ እኔ ሳውቅ ተገርሜ ነበር። ሟቿ አትጠየቅም፤ አብዛኛው ሞትም በመዝገብ የለም። ስለዚህ ጠያቂዋ ከቤት ቤት እየዞረች ሴቶችን ስለ እህቶቻቸው ትጠይቃለች። ከእናትሽ ስንት ተወለዱ? በሕይወት ያሉት? የሞተችው እህትሽ ስትሞት እርጉዝ ነበረች? ምጥ ላይ ነበረች? ከወለደች ሁለት ወር አልፏት ነበር? 412 የሚለው ቁጥር ከእነዚህ መልሶች የተሰበሰበ ነው። እህቶች ስለ እህቶቻቸው የተናገሩት ነው። በስታቲስቲክስ ሰዎች ስሌትም እውነተኛው ቁጥር ከ273 እስከ 551 ባለው መካከል ሊሆን ይችላል። ለእኔ ይህ የአፍ ታሪክ ነው፤ ከሽማግሌ የሰማነውን የጦርነት ታሪክ ካከበርን ይህንንም በዚያው ክብር ልንይዘው ይገባል።

የአካባቢያችን ጥናት አንድ ሌላ ድክመት አለበት። የሴት አካል ሲነሳ የመመረቂያ ጽሑፉ ሁሉ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» ብሎ ይጀምርና እዚያው ይጨርሳል። ግርዛት ጎጂ ነው፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ጎጂ ነው፤ ሁለቱንም ሕግ ይከለክላቸዋል፤ እኔም በዚህ ምንም ጥርጥር የለኝም። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች የተገረዙት በ1992 ዓ.ም 80 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 65 በመቶ ሆኑ። ለታሪክ ተመራማሪ ጥያቄው ከዚህ ይጀምራል። ማን አቆመ? የትኛዋ እናት ናት መጀመሪያ «ልጄን አላስገርዝም» ያለችው፣ አማቷን ምን ብላ መለሰች? ገራዧ ኑሮዋን በምን ተካች? መጠይቅ ላይ ምልክት በማድረግ ይህ አይገኝም። ሴቶቹ በገዛ ቃላቸው ሲናገሩ የሰማ ሰው ያውቀዋል፤ «ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት» የሚለውን ሐረግ አንዲትም ሴት ቡና ላይ አትጠቀምበትም።

የጤና ተቋማት መዝገብ ሌላው ያልተነካ ሀብት ነው። የወሊድ መዝገብ ላይ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ስንተኛ እርግዝና፣ ውጤቱ በየረድፉ ይጻፋል። ደሴ ለሰፊው የወሎ አገር የሪፈር ከተማ ናት፤ ከመቅደላም ከወረኢሉም ምጥ የጠናባት ወደዚህ ትላካለች። የአንድ ዓመት መዝገብ ብቻ መንገድ ሲሠራ፣ ክረምት ሲገባ፣ ጦር ሲመጣ በሴቶች ላይ የሚሆነውን ያሳያል። አንድ ጊዜ አንድ የጤና ተቋም መጋዘን ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ፤ የቆዩ መዝገቦች ከተሰበረ አልጋ ሥር ተከምረው፣ ጣሪያው እያፈሰሰባቸው፣ ገጾቹ ተጣብቀው ነበር። ኃላፊው መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱ አገልግሎቱን ጨርሷል ብሎ አስቦ ነው።

ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩ ጊዜ የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። በዚያ ጦርነት በአማራ፣ በአፋርና በትግራይ ሴቶች ላይ ወሲባዊ ጥቃት መፈጸሙን የሰብዓዊ መብት ተቋማት መዝግበዋል። እዚህ ላይ ስለ ማስረጃ ያልኩት ሁሉ ይከብዳል። እስካሁን «መዝግቡ፣ ሰብስቡ» እያልኩ ነበር፤ የተደፈረችን ሴት ግን መመዝገብ ራሱ ሊጎዳት ይችላል። ስሟን መደበቅ አይበቃም። በትንሽ ቀበሌ ውስጥ ዕድሜዋ፣ የልጆቿ ቁጥርና የባሏ ሥራ ከተጻፈ መንደሩ ሁሉ ያውቃታል። በቀረጻ ፊት ያለቀሰችው ሴት ምስል ዛሬ ለአንዱ ወገን ክስ፣ ለሌላው መልስ ሆኖ ይዞራል፤ እሷ ግን ልጆቿን ትምህርት ቤት ማድረስ አለባት። ስለዚህ ቃሏን የሚወስድ ሰው መቼ ይከፈታል፣ ማን ያየዋል፣ ሐሳቧን ብትለውጥ ማስወጣት ትችላለች ወይ የሚለውን ቀድሞ ሊነግራት ይገባል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የጤና ክፍሎች አብረው ቢቀመጡ፣ ሐኪሙ ሚስጥር መጠበቅን ከታሪክ ሰው ይልቅ ያውቃል፤ የታሪክ ሰው ደግሞ ወረቀት ለሃምሳ ዓመት እንዴት እንደሚቀመጥ ያውቃል። የተዘጋ ሣጥን ከተቃጠለ መዝገብም፣ ከተበተነ ቪዲዮም ይሻላል።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር እናቴን የጥናቱን ጥያቄ ጠየቅኋት። ከእማማ ስንት ተወለዳችሁ? አራት ብላ በጣቷ ቆጠረች፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ አምስት አለች። ከእሷ በፊት የነበረች፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ የመጀመሪያ ልጇን ይዛ የሞተች። አያቴ ራሷ ነበረች ያዋለደቻት። ስሟ ዘይነባ ነበር። መቼ ነው አልኳት፤ ጤፉ ቆሞ ሳይታጨድ አለች። ዓመቱን ለማግኘት ገና እየተነጋገርን ነው።